አማቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የመርካቶውን የጭምብል ስፌት ልቀበል ወይስ ልተወው?

የሽሮ ሜዳዋ ሰፊ
ሰኔ 9 ቀን 2012

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው እስከ ቅዳሜ መልስ መስጠት ያለብኝ ጉዳይ ስላለ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሦስት ሌሊት ተነጋገርንበት፤ ሦስቱንም ሌሊት ሳንወስን ነጋ።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ባለቤቴ ሸማኔ ነው፤ በልጅነቱ ከጨንቻ መጥቶ ሙያውን ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ የተማረ። እኔ እሱና ጓደኞቹ የሚሠሩትን ጥበብ ቀሚስ አድርጌ እሰፋለሁ። ድሮ አንድ የሲንጀር የስፌት መኪና ነበረኝ፤ ዘንድሮ በጥር ሁለተኛ ገዛን። የገዛንበት ገንዘብ የዕቁብ ነው። ዕጣው ቀድሞ ሲወጣልን እልል ብለን ነበር። አሁን የበላነውን ዕቁብ በየሳምንቱ 500 ብር እየከፈልን መጨረስ አለብን፤ ገና 19 ሳምንት ይቀረናል።

የእኛን ሥራ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ ለእኛ ግን ዋናው የሥራ ጊዜ ሁዳዴ ነው። ሰው ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ለሚደገሰው ሠርግ ልብሱን የሚያዝዘው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከጥር የተረፈችንን ገንዘብ ሁሉ ክር ላይ እናውላለን። ዘንድሮም እንዲሁ አደረግን። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሠርጉም ክርስትናውም ቀረ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ 14 ቀሚስ ግድግዳችን ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ስድስቱ የታዘዙ ነበሩ። ሁለት ሙሽሮች ቀብዳቸውን እንድመልስላቸው ለመኑኝ፤ እነሱም ቸግሯቸው ነውና መለስኩላቸው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ግቢው ውስጥ አምስት አባወራ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት እንጠቀማለን። ባለቤቴ የሚሸምነው ግቢው ጥግ በላስቲክ በተወጠረ ዳስ ሥር ነው። በአንዱ ክፍል እኔ፣ እሱና የአምስት ዓመቱ ልጃችን እናድራለን፤ በሌላው አማቴ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ጋር አንድ አልጋ ላይ።

አማቴ 67 ዓመታቸው ነው። ስኳር ከያዛቸው 11 ዓመት ሆናቸው፤ ግፊትም አለባቸው። ሁለቱንም ልጆቼን ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ሌላ እናት የለኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ጥጥ ይፈትላሉ፤ እጃቸው ስለሚደነዝዛቸው ግን እንደ ድሮው አይፈጥኑም።

አሁን የቀረበልኝ ሥራ ይኸውላችሁ። መርካቶ፣ ራጉኤል አካባቢ፣ አንድ ነጋዴ የጭምብል ስፌት ጀምሯል። ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። በቀን 220 ብር፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ባለፈው ዓርብ ሄጄ ቦታውን አየሁት። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ 11 መኪና ተደርድሯል፤ በሁለት መኪና መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ የለም። አንድ መስኮት አለ፤ እሱም በጨርቅ ጥቅል ተሸፍኗል። በሩን ደንብ አስከባሪ እንዳይገባ ብለው ዘግተው ነው የሚሠሩት። ከሰፊዎቹ ግማሾቹ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደዋል። ሙቀቱን ስላየሁት አልፈርድባቸውም።

የቤታችንን ሂሳብ ሳልደብቅ ልጻፈው። ኪራይ 2,800፣ ዕቁብ በወር 2,000፣ ለምግብ እንደምንም ቆጥበን 3,500፣ መብራትና ውሃ 200፣ የአማቴ መድኃኒት ወደ 400። ድምሩ 8,900 ብር ነው። ባለፈው ወር ባለቤቴ ሁለት ጋቢና ጥቂት ነጠላ ሸጦ ያገኘው 2,600 ነው። ከተቀማጫችን የቀረን 3,100 ብር ብቻ። ከወረዳው በማዕድ ማጋራት አንድ ጊዜ ዱቄትና ዘይት ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ደንቡ በአዋጁ ጊዜ ተከራይን ማስወጣት ይከለክላል፤ ነገር ግን አከራያችን ባላቸው የሞተ፣ በኪራዩ ብቻ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። እኔ ሳልከፍላቸው ስቀር እሳቸው ምን ይበሉ?

የመርካቶውን ሥራ ብይዝ ታክሲ አሁን በግማሽ ጭኖ ታሪፉ እጥፍ ስለሆነ፣ ከመጓጓዣና ከምሳ በኋላ በቀን 160 ብር ያህል ይተርፈኛል። በወር ከ4,000 ብር በላይ ነው። ኪራዩንና መድኃኒቱን ይሸፍናል።

ግን በግንቦት ውስጥ የታማሚው ቁጥር ከሺህ አለፈ፤ በዚያው ወር መርካቶ ያለበት የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ስሙ በየቀኑ ሲነሳ ሰምቻለሁ። ታክሲው ያስፈራኛል፤ ሰልፉ ያስፈራኛል። በሽታውን ይዤ ገብቼ አማቴን ብገድልስ? ባልሄድስ፣ በሚቀጥለው ወር ምን አበላቸዋለሁ? ባለቤቴ «አንቺ ከፈቀድሽ እኔ ምን እላለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ እናቱ ስለሆኑ እሱ እንዲወስን እፈልግ ነበር። በዚህ ተኳርፈን አደርን።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ እንዴት ወሰናችሁ?


ሲስተር ከጉለሌ
ሰኔ 10 ቀን 2012

እህቴ፣ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ታክሲው ፍርሃትሽን ነገርሽን፤ ስለ ክፍሉ ግን ያየሽውን ብቻ ነገርሽን። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የምፈራው ክፍሉን ነው።

ታክሲው ውስጥ ስድስት ሰው፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ትቀመጫለሽ። ክፍሉ ውስጥ 11 ሰው፣ መስኮትና በር ተዘግቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት። በሽታው የሚተላለፈው በአብዛኛው ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ነገር ነው፤ ሰው በተጠጋ ቁጥር፣ አየሩ በታፈነ ቁጥርና ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት አንድ የመዘምራን ቡድን በመጋቢት መጀመሪያ ለሁለት ሰዓት ተኩል አብሮ ተለማመደ። ከመካከላቸው ሕመም ይሰማው የነበረው አንድ ሰው ነበር። ከ61 ሰዎች 53ቱ ታማሚ ሆነው ተቆጠሩ፤ ሁለቱ ሞቱ። እነሱ ይዘምሩ ነበር፤ እናንተ ትሰፋላችሁ፤ ልዩነት አለው። ግን በመኪና ጩኸት መካከል የሚሠራ ሰው ለመሰማማት ሲል ጮክ ብሎ እንደሚናገር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ነጋዴውን ልትጠይቂው የሚገባው ጥያቄ አለ። ጥቅሉ ከመስኮቱ ይነሳልኝ? መስኮቱ ሥር ልቀመጥ? ሁሉም ሰው አፍንጫውን ይሸፍናል? ምሳ ውጪ ይበላል? እምቢ ካለ፣ የገዛ እህቴ ብትሆኚ ግቢ አልልሽም። በሥራ ላይ ስላለሁ እኔም ከሁለት ዓመት ልጄ ጋር ተለያይቼ ነው የማድረው፤ ስለዚህ «ሥራሽን ትተሽ ቤት ተቀመጪ» የምልበት አፍ የለኝም።

አሁን ስለ አማትሽ። ልጅሽ ከእሳቸው ጋር አንድ አልጋ ላይ እንዳታድር። ልጅቷንም ወደ እናንተ ክፍል ውሰጂ፤ ይጨናነቃል፣ ግን የእሳቸው ክፍል የእሳቸው ብቻ ይሁን። በቀን መስኮታቸው ይከፈት።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ስኳራቸው የተለካው መቼ ነው? የስኳር ሕመምተኛ በኮሮና ክፉኛ የመጠቃት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ስኳሩ ልቅ የሆነ ሰው ደግሞ ይብሳል። ከመጋቢት ወዲህ ብዙ ታካሚዎቻችን ፈርተው ክትትላቸውን አቋርጠዋል። መድኃኒታቸውን መቼ እንዳወጣችሁ አስታውሺና ስንት ፍሬ እንደቀረ በእጅሽ ቁጠሪው። ጤና ጣቢያችሁ የአንድ ወር ሳይሆን የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ እንዲህ እያደረግን ነው። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ 8335 ወይም 952 ደውሉ፤ እስኪብስ አትጠብቁ።


የቅመም ነጋዴ
ሰኔ 10 ቀን 2012

ሲስተር ያሉትን አከብራለሁ። እኔ ግን ሌላ ነገር ልበል።

መርካቶ በርበሬና ኮረሪማ እሸጣለሁ። ከመጋቢት ጀምሮ ከእሑድ በቀር አንድ ቀን አልቀረሁም። ቤት ተቀመጡ የሚለው ቃል ለእኔ አልተነገረም፤ የተነገረው ወሩ ሲያልቅ ደመወዙ ለሚገባለት ሰው ነው። አባቴ የሞቱት ጨጓራቸውን ታመው ነው፤ ገንዘብ ስላልነበረን ሐኪም ቤት ያደረስናቸው ዘግይተን ነው። ያኔ ወረርሽኝ አልነበረም። ማጣትም ሰው ይገድላል፤ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ግን ማንም አይቆጥረውም።

ስለዚህ ሥራሽን ያዢ፤ ግን ተጠንቅቀሽ ያዢ። እኔ ወደ ቤት ስገባ የለበስኩትን ልብስ ውጪ አወልቃለሁ፤ እጄንና ፊቴን በሳሙና ሳልታጠብ ልጆቼ አይጠጉኝም። እናቴን ሱሉልታ እህቴ ጋ ልኬያቸዋለሁ። ለአማትሽ እንዲህ ያለ ዘመድ የለም?

የምትችይው ሌላ ነገር ደግሞ ዕቁብሽ ነው። ከ8,900 ብር ውስጥ 2,000 ብር እሱ ነው። ዳኛውን አነጋግሪው። የእኛ ዕቁብ ከሚያዝያ ጀምሮ መዋጮውን በግማሽ ቀንሶ ጊዜውን አራዝሟል። የበላ ሰው ሸሽቶ ከሚጠፋ እያነሰም ቢሆን ቢከፍል እንደሚሻል ማንም ዳኛ ያውቃል። አፍረሽ ዝም ብለሽ ይሆናል፤ አትፈሪ።

ምናልባት ሥራውን ወደ ቤት ይዘሽ ሂጂ የሚልሽ ይመጣል። ተጠንቀቂ። በቁጥር የሚከፍል ሰው ይሄ ጠሟል፣ ይሄ ቆሽሿል እያለ ከመቶው ሃያውን ይጥልብሻል።


የሽሮ ሜዳዋ ሰፊ
ሰኔ 10 ቀን 2012

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የዕቁቡን ነገር ልክ ነሽ እህቴ፣ አፍሬ ነው። ዳኛው የባለቤቴ የአገር ልጅ ስለሆነ ስማችን ይጠፋል ብለን ነው ዝም ያልነው።

አማቴን ወደ ጨንቻ መላክ አስበን ነበር። እሳቸው አልፈለጉም፤ እኛም ለስኳራቸው እዚያ ክትትል ማግኘታቸውን ስላላመንን ተውነው። አሁን ደግሞ መንገዱ ራሱ አደጋ ነው።

ሲስተር፣ እውነት ለመናገር መድኃኒቱን ቆጥሬው አላውቅም። የሚይዙት ራሳቸው ናቸው፤ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው።


ልብስ ሰፊ ከኮልፌ
ሰኔ 11 ቀን 2012

የሙያ ባልደረባዬ፣ እንደምን አለሽ። ሥራውን ወደ ቤት ውሰጂ ብዬ የምመክርሽ ሰው እኔ ነኝ። የቅመም ነጋዴዋ እህታችን የፈራችው ነገር እውነት ነው፤ በእኔም ደርሷል። በሚያዝያ አንድ ነጋዴ ከ300 ጭምብል 70 ያህል አልቀበልም ብሎ ላቤን በላው። ከዚያ ወዲህ ግን አሠራሩን ተምሬያለሁ፤ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ይህን አስቢ። ነጋዴው አንቺን የሚፈልግሽ ስለቸገረው ነው። መኪና መግዛት፣ ክፍል መከራየት፣ መብራት መክፈል፣ ከደንብ አስከባሪ ጋር መሯሯጥ ሁሉ የእሱ ነው። አንቺ ሁለት መኪና አለሽ። ቤትሽ ብትሰፊ ይህ ሁሉ ወጪ ይቀርለታል። ይህን በግልጽ ንገሪው፤ እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ሂሳብ።

ሁለተኛ፣ ገበያው እየተለወጠ ነው። እስከ አሁን ሰው በየመንገዱ የሚሸጠው አንድ ድርብ የአቡጀዴ ጭምብል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን ባወጣው ምክር ግን የጨርቅ ጭምብል ሦስት ድርብ እንዲሆን ነው የሚለው፦ ፊት የሚነካው ውስጠኛው እርጥበት የሚመጥ ጥጥ፣ መካከለኛው ትንፋሹን የሚያጣራ ያልተሸመነ ጨርቅ፣ የውጪው ደግሞ እንደ ፖሊስተር ያለ ውሃ ቶሎ የማያስገባ። ለሠራተኞቻቸው በብዛት የሚያሰፉ ድርጅቶች ሦስት ድርብ መጠየቅ ጀምረዋል። ሦስቱን ድርብ ሳይሸሽ አጥፎ መስፋት ደግሞ ትናንት መኪና ላይ የተቀመጠ ልጅ አይችልም። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ከጥለት ጋር አጋጥማ የምትሰፋ ሴት ግን ትችላለች። ዋጋሽን አታርክሺ።

አሁን የእኔን ልማድ። የተቆረጠ ጨርቅ በቁጥር እረከባለሁ፤ እሱም እኔም ደብተር ላይ እንፈርማለን። ከመጀመሬ በፊት አንድ ጭምብል ፊት ለፊቱ ሰፍቼ «እንዲህ ያለ ትቀበላለህ?» እለዋለሁ። ይቀበላል። ያን ጭምብል ስሙን ጽፎበት ይዤው እሄዳለሁ። ስመልስ ክርክር ቢነሳ ናሙናውን አወጣለሁ። ጠመመ የሚለው ካለ እዚያው አስተካክዬ እሰጠዋለሁ እንጂ አይጥልብኝም። ከናሙናው ወዲህ ያስጣለኝ አራት ብቻ ነው።

ነጋዴዎቹ የሚፈሩት ጨርቁን ይዘን እንዳንጠፋ ነው። ዋስ ወይም መያዣ ይጠይቁሻል። የምትሰጪው ነገር አዘጋጂና ሂጂ፤ መኪናሽን ግን በምንም ምክንያት አታስይዢ።

እኔ ለሦስት ድርቡ 3 ብር አገኛለሁ፤ መብራት ካልጠፋ በቀን 60 እሰፋለሁ። 180 ብር መሆኑ ነው። ታክሲ የለም፤ ምሳ ከቤት ነው። መብራት በጠፋበት ቀን የሚጠቅምሽ የእግር መኪና ነው፤ ሲንጀርሽ የእግር ከሆነ ዕድለኛ ነሽ።


ከአሌክሳንድሪያ
ሰኔ 12 ቀን 2012

እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። እዚህ ያለነው ሰዎች ምክር ለመስጠት እንቸኩላለን፤ ስለዚህ መጀመሪያ የራሴን ልንገርሽ።

በመተግበሪያ የምሠራ ሹፌር ነኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ ወደ ደለስ አየር ማረፊያ ነበር። በመጋቢት መንገደኛው ጠፋ። ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። እሷ ሥራዋን ማቆም አልቻለችም፤ በሚያዝያ ታመመች። 16 ቀን ምድር ቤቱ ውስጥ ለብቻዋ ተኛች፤ ምግቧን ደረጃው ላይ አስቀምጬ እመለስ ነበር። ልጃችን በሩ ሥር ተቀምጣ ታናግራት ነበር። ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያዳነን ግን ያ ምድር ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። አንቺ ምድር ቤት እንደሌለሽ አንብቤያለሁ።

ሌላም ነገር ነበረን። መጋቢት 18 ቀን እዚህ በፀደቀው ሕግ ለአንድ አዋቂ 1,200 ዶላር ተሰጠ፤ ሥራ ላጣ ሰው ደግሞ ከተለመደው ድጎማ በላይ በየሳምንቱ 600 ዶላር ተጨመረ። እንደ እኔ ያለው በግሉ የሚሠራ ሹፌርም ገባበት። ማመልከቻዬ እስኪያልፍ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በእነዚያ ሳምንታት እንደ አንቺ በሌሊት ሂሳብ ስደምር አድር ነበር። ሲመጣ ግን ቤት ለመቀመጥ ቻልኩ። ጠንቃቃ ስለሆንኩ አይደለም፤ ጊዜ ስለተገዛልኝ ነው። የ600 ዶላሩ ጭማሪ በፈረንጆቹ ሐምሌ መጨረሻ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ መሪው እንደምመለስ አውቃለሁ፤ የባለቤቴ ሳንባ ገና ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልምከርሽ። ውጪ ዘመድ ካላችሁ፣ «ተቸግረናል» ብላችሁ አትጻፉ። እኛ እንዲህ ያለ መልእክት በቀን ሦስትና አራት ይደርሰናል፤ ለሁሉም መድረስ ስለማንችል ለማንም ሳንመልስ እንቀራለን፤ ይህ ያሳፍረኛል። «የእማማ የሦስት ወር የስኳር መድኃኒት 1,200 ብር ነው፤ እሱን ቻልልን» በሉ። ልኩ የታወቀ ነገር ሰው ከኪሱ ያወጣል። የእናቴን መድኃኒት እኔና ወንድሜ የተካፈልነው እንዲህ ነው።


የሽሮ ሜዳዋ ሰፊ
ሰኔ 19 ቀን 2012

ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ስሰፋ ነው የከረምኩት።

ሲስተር እንዳሉኝ ሐሙስ ሰኔ 11 ቀን አማቴን መድኃኒታቸውን ለመንኳቸውና ቆጠርኩት። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ነው የታዘዘላቸው። ግንቦት 20 ቀን 60 ፍሬ ነበር ያወጣሁላቸው። በዕለቱ መቅረት የነበረበት 18 ነው። 39 ነበር።

ሁለት ጊዜ ደግሜ ቆጠርኩ። ከዚያ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ «እየረሳሁት ነው» አሉኝ። ቆይተው፣ «እናንተ በሌሊት ክር ስትቆጥሩ፣ ኪራይ ስትቆጥሩ እሰማለሁ፤ እኔም ኪኒኔን ቆጠርኩ» አሉ። ከፋሲካ ወዲህ የሚውጡት በቀን አንድ ነው። በእኛ ቤት በሽታ ከመርካቶ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሁለት ወር ሙሉ በግድግዳ ማዶ መድኃኒታቸውን እየከፈሉ ነበር። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ከዳሱ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ግቢው ውስጥ ቆመ። ኩርፊያችን ያን ቀን አለቀ። እሱና እኔ ማን ይወስን ስንባባል፣ እሳቸውን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናቸውም ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሳይበሉ የተለካው 287 ሆነ። ሐኪሟ ተቆጣች፤ ቁጣዋ ግን ለእሳቸው ስላሰበች ነው። የሁለት ወር መድኃኒት ሰጠችን።

ቅዳሜ ነጋዴው ጋ ሄድኩ። መስኮቱን እንዲከፍት ስጠይቀው አልሆነም፤ አቧራ ይገባል አለ። ቤቴ ልስፋ ስለው ደግሞ ከነጭራሹ እምቢ አለ። የኮልፌው ወንድሜ እንዳስተማሩኝ ሂሳቡን ነገርኩት፤ እዚያው መኪና ላይ ተቀምጬ ሦስት ድርብ ጭምብል ሰፍቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። «መያዣስ?» አለ። ከግድግዳው ላይ አውርጄ በፌስታል ይዣቸው የሄድኩትን ሁለት የሙሽራ ቀሚስ አስቀመጥኩለት። የቀሚሶቹ ክር ብቻ ከሚሰጠኝ የጭምብል ጨርቅ ዋጋ እንደሚበልጥ ያውቃል። ተቀበለ። በአንድ ጭምብል 2 ብር ከ75 ሳንቲም፤ ማክሰኞና ዓርብ በማለዳ መንገዱ ሳይጨናነቅ አስረክቤ እመለሳለሁ። ናሙናውን ፈርሞበታል።

በዚህ ሳምንት 310 አስረክቤአለሁ፤ ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ በእግር መኪናዋ ብቻ ነው የሠራሁት። 852 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። የመርካቶውን ያህል አይሆንም፤ በወር ወደ 600 ብር ይጎድላል። የዕቁቡ ዳኛ ደግሞ መዋጮውን ወደ 250 አወረደልን። ስንነግረው ያፈርነው እኛ ብቻ ነበርን፤ ከእኛ በፊት ሰባት ሰው ጠይቆታል። ሪያድ ላለች የባለቤቴ እህት እንደተባልነው በልኩ ጽፈን የመድኃኒቱን ነገር ለእሷ ሰጠናት፤ ገና አልመለሰችም። እሷም ያለችበትን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ልጆቹ ከእኛ ጋር ያድራሉ። አማቴ ከበራቸው ደፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የጭምብሉን ማሰሪያ ይገለብጡልኛል። እጃቸው ስለሚደነዝዝ አይሁን ብዬ ነበር፤ ሥራ ካልሰጠሽኝ መድኃኒቱን አልውጥም አሉኝ።

ሲስተር፣ ሁለቱን ኪኒን በትክክል መዋጥ ከጀመሩ ዛሬ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት ጠዋት አፋቸው ይደርቃል፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። እስከ ቀጠሯቸው ልጠብቅ ወይስ ሰኞ ወስጄ ላስለካቸው?